አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ
(የቤትና የጓሮ ተባዮችን ለይቶ ስለ ማወቅ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በሬዲዮ ያዳመጣችሁት ንግግር ይኸው ታትሞ መጥቷል። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ቢያጋጥማችሁ ምልክት አድርጉበትና አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ተባይ ነው። ተባይ የምንለው ምግባችንን፣ ልብሳችንን፣ አትክልታችንን ወይም ገላችንን የሚጎዳውን ፍጥረት ነው።

በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር መጨረሻ አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ሲበር የአንበጣ መንጋ ገጠመው። አንበጣው መስተዋቱንና ሞተሩን መታው። አውሮፕላኑ ድሬዳዋ ማረፍ ስላልቻለ አዲስ አበባ መጥቶ ቦሌ አረፈ። ያን ሰሞን ስለ ተባይ ያላወራ አልነበረም። አንበጣ ሰማዩን ሞልቶ ሲመጣ የማያውቀው የለም። ሕፃን እንኳ በስሙ ይጠራዋል።

በቤታችን የሚኖረው ተባይ ግን እንዲህ ሆኖ አይመጣም። በፍራሽ ስፌት፣ በምድጃ ሥር፣ በእህል ጆንያ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ብዙዎቻችንም ማንነቱን ሳንለይ መርዝ ልንገዛ እንሮጣለን። እስቲ ይህን የገበያ ንግግር ስሙ።

«የተባይ መድኃኒት አለህ፣ ልጄ?»

«አለኝ፣ እማማ።»

«ለትኋን ይሆናል?»

«ይሆናል።»

«ለበረሮስ?»

«ይሆናል።»

«ለአይጥስ?»

«እማማ፣ ይኼ ያልገደለው የለም!»

ልብ በሉ። ሁሉን የሚገድል መርዝ ሕፃንንም አይምርም። ብልቃጡ ላይ ጽሑፍ የለም። ስሙ አይታወቅም፤ መጠኑም አይታወቅም። እማማ የፈለጉት ትኋን ለማጥፋት ነበር። ይዘው ወደ ቤት የሚገቡት ግን ከትኋን የከፋ ነገር ሊሆን ይችላል።

አበው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ። እህሉን የበላችው አይጥ ናት። ዱላው ያረፈው ግን በዳዋው ላይ ነው። ተባዩን ሳይለዩ መርዝ መርጨትም እንደዚሁ ነው። ጥፋተኛው ያመልጣል፤ ያላጠፋው ይመታል። ስለዚህ መርዝ ከመግዛታችን በፊት 3 ጥያቄዎች እንጠይቅ።

1. ምን ምልክት ትቷል?

2. ምን ይበላል? ምን ይጠጣል?

3. የት ይደበቃል?

ለእነዚህ መልስ ካገኘን ሥራው ተጋምሷል። እንግዲህ ቤታችንን እየዞርን እንይ።

ማን ነከሰን?

ጠዋት ስንነሣ ገላችን አብጦ ያሳክከናል። ነካሹ ማነው? ትኋን ሊሆን ይችላል፤ ቁንጫ ሊሆን ይችላል፤ ቅማልም ሊሆን ይችላል። የ3ቱም መኖሪያ የተለያየ ስለሆነ ማጥፊያቸውም የተለያየ ነው።

ትኋን የምስር ፍሬ ያህላል። ጠፍጣፋና ቡናማ ነው። አይበርም፤ አይዘልም። ቀን በፍራሽ ስፌት፣ በአልጋ ስንጥቅና በግድግዳ ቀዳዳ ይደበቃል። ሌሊት ወጥቶ ደም ይጠጣል። ምልክቱ በፍራሹ ጠርዝ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ነው። በብዕር ጫፍ የተነካ ይመስላል።

ትኋን ደም ሳይጠጣ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ቤቱን ዘግቼ አገር ቤት ብሰነብት ይሞትልኛል» ማለት አያዋጣም። ሙቀት ግን ይገድለዋል። አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በፈላ ውኃ ዘፍዝፉ። አልጋውን ፈታታችሁ በየስንጥቁ የፈላ ውኃ አፍስሱ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማውጣት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ትኋኑ ከፀሐዩ ወደ ጥላው ወገን ይሸሻልና። የተሠራበት አልጋ ወይም ሶፋ ስትገዙ ደግሞ ስፌቱን ገልጣችሁ እዩ።

ስለ ትኋን አንድ ነገር እንጨምር። ትኋን የድህነት ምልክት አይደለም። በሻንጣ ገብቶ በሻንጣ ይወጣል። ትልቅ ሆቴልም ይገባል፤ ጠባብ ቤትም ይገባል። ይሁንና ብዙ ሰው ያፍርበታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? በገርጂ፣ በሰሚት ወይም በአያት ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በሚስጥር ቤቱን ቢረጭ ትኋኑ በሽቦ ቀዳዳና በግድግዳ ስንጥቅ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ተመልሶ ይመጣል። ለጎረቤት ተናግሮ በአንድ ቀን አብሮ ማጽዳት ይሻላል።

ዲዲቲ የሚባለው መርዝ በዓለም ላይ በተስፋፋ ጊዜ ትኋን የሚያልቅ መስሎ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን በብዙ አገር ታየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደካማው ይሞታል፤ መርዙን የቻለው ይተርፋል። የሚወለዱትም የእርሱን ጥንካሬ ይወርሳሉ። ያለ መጠን በረጨን ቁጥር ጠንካራውን እየመረጥን እናራባለን ማለት ነው።

ቁንጫ ደግሞ ትንሽ ነው። ይዘላል። ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ከጉልበት በታች ነው። ከውሻ፣ ከድመትና ከአይጥ ይመጣል። ዕንቁላሉና ትሉ ያሉት አልጋ ላይ ሳይሆን ወለሉ አቧራ ውስጥ ነው። ስለዚህ አልጋችሁን መርዝ ብትረጩ ቁንጫው አይጠፋም። ወለሉን በየቀኑ ጥረጉ። ጥራጊውን ከቤት አርቁ። ውሻው የሚተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውኃ እጠቡ።

የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ይህኛው ከማሳከክ ያለፈ ጉዳት አለው። ተስቦንና ግርሻን ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል። ግርሻ የተባለው ትኩሳቱ ለቀቀ ሲባል ከቀናት በኋላ ስለሚመለስ ነው። ቅማልን በጥፍር አትጨፍልቁ። የግርሻው ጀርም የሚወጣው ቅማሉ ሲፈርጥ ነው። ከዚያም በተፋቀ ቆዳ በኩል ይገባል። ልብሱን ቀቅሉት፤ ስፌቱን በጋለ ካውያ ተኩሱት። ቅማል ያለበት ሰው ትኩሳት ከያዘው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አያችሁ? 3 ነካሾች፣ 3 መኖሪያዎች ናቸው። አልጋ፣ ወለል፣ ልብስ። ነካሹን ያወቀ ድካሙን በትክክለኛው ቦታ ላይ ያውላል።

ማድ ቤት

ሌሊት መብራት ስታበሩ ከምድጃው ሥር የሚሮጠው በረሮ ነው። በቤት ውስጥ በብዛት የሚታየው ትንሹ በረሮ ነው። ቡናማ ሆኖ ከራሱ ኋላ 2 ጥቁር መስመር አለው። ሴቷ ዕንቁላሏን በከረጢት መሰል ነገር ከኋላዋ ይዛ ትዞራለች። በአንዱ ከረጢት ውስጥ 30 ወይም 40 ዕንቁላል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንዱን በጫማ ረግጦ «ጨረስኩት» ማለት አይቻልም።

የበረሮ ድካሙ ውኃ ላይ ነው። ውኃ እያገኘ ያለ ምግብ ወር ያህል ሊቆይ ይችላል። ውኃ ካጣ ግን ከ2 ሳምንት ብዙ አይዘልቅም። ስለዚህ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ማጠቢያውን አድርቁ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አሠሩ። እርጥብ ጨርቅ ምድጃ ላይ ጥላችሁ አትደሩ። ቧንቧው ግድግዳ የሚበሳበትን ቀዳዳ በሲሚንቶ ድፈኑ። በኮንዶሚኒየም ከላይኛው ቤት ወደ ታችኛው የሚመጣው በዚያ ነው።

አይጥስ? አይጥ ከመታየቷ በፊት ምልክቷ ይታያል። የተቀረጠፈ ከረጢት፣ በግድግዳ ጥግ የሚታይ የቅባት መንገድ፣ ፋንድያ። ፋንድያው የሩዝ ፍሬ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። ከዚያ በ2 ወይም በ3 እጥፍ ከበለጠ አይጠ መጎጥ ነው። መለየቱ ይጠቅማል። ትንሿ አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባለው ቀዳዳ ትገባለች። ለአይጠ መጎጥ የአውራ ጣት ያህል ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

ቀዳዳውን በጨርቅ ብትወትፉት በአንድ ሌሊት ትቦረቡረዋለች። የአይጥ የፊት ጥርስ ሁልጊዜ ስለሚያድግ መቀርጠፍ አትተውም። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በላዩ ሲሚንቶ ምረጉበት። ወጥመድ ስታጠምዱ መሐል ቤት አታድርጉ። አይጥ የምትሄደው ግድግዳ ታክካ ነው። ወጥመዱን ከግድግዳው አስጠግታችሁ አስቀምጡ።

ብዙው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። አይጧ የምትሞተው ከቀናት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ድመት ብትበላት ድመቷም ልትሞት ትችላለች። ታዲያ አይጥ ሊጠብቅልን የሚችለውን በገዛ እጃችን ገደልነው ማለት ነው።

የእህል ዕቃ

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ከሾላ ገበያ የገዛችሁት በቆሎ ወይም ስንዴ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዱቄት ያበዛል፤ ፍሬውም ይበሳል። ጥፋተኛው ነቀዝ ነው። «ገበያ ስገዛው ንጹሕ ነበር፤ ከየት መጣ?» ትላላችሁ። መልሱ ይኸውላችሁ። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን በስታ ዕንቁላሏን ከውስጥ ታኖርና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ፍሬው ውስጥ እየበላ ያድጋል። አንድ ወር ያህል ቆይቶ በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ነቀዙ ቤታችሁ ሲገባ እህሉ ውስጥ ነበር። በወንፊት ብቻ ነፍታችሁ አትለዩትም። ጤፍ ግን ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ አያድግበትም።

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ይህ ከዛሬው ንግግራችን ሁሉ የሚበልጠው ነው።

ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጥ ፎስቶክሲን የሚባል እንክብል አለ። እንክብሉ ከአየር እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ጆንያውን አልፎ ይወጣል። በር ከተዘጋ ቤቱን ይሞላል። ነቀዙን እንደሚገድል ሁሉ በዚያ ክፍል የተኛውን ሰውም ይገድላል። ይህን ጋዝ የሚያከሽፍ መድኃኒት እስካሁን የለም። እንክብሉ የተሠራው ሰው ለማይተኛበት፣ በሠለጠነ ሰው ለሚታሸግ መጋዘን ነው። በመኝታ ቤት፣ በአልጋ ሥር፣ ልጆች በሚያድሩበት ጓዳ ፈጽሞ አታስገቡት። ጎረቤታችሁ ሲያስገባ ብታዩም ዝም አትበሉ። ንገሩት።

ታዲያ ምን እናድርግ? እህሉን በደንብ በፀሐይ አድርቁ። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አትደባልቁ። ዕቃውን ጠርጋችሁ፣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ጨምሩበት። ከዚህም ሌላ ፒክስ የሚባል ባለ 3 ድርብ ከረጢት አለ። ከውስጥ 2 ፕላስቲክ፣ ከውጭ 1 ማዳበሪያ ነው። አፉን አጥብቃችሁ ስታስሩት ነቀዙ ያለውን አየር ይጨርስና ታፍኖ ይሞታል። መርዝ የለበትም።

የውኃ በርሜል

በምሥራቅ አዲስ አበባ በብዙ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ይመጣል። ስለዚህ በየቤቱ ሮቶ፣ በርሜልና ጀሪካን አለ። ውኃ ማጠራቀም ግድ ነው። ክዳን የሌለው ውኃ ግን የቢምቢ ማራቢያ ነው። በውኃው ላይ እየተጥመለመለ ወደ ታች የሚሰምጥ ትንሽ ትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርሱ የነገዋ ቢምቢ ነው።

«ቦሌ ደጋ ነው፤ ወባ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቦሌ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ብርዱ ለወባ አይመችም። አዲስ አበባ ውስጥ ወባ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ከቆላ ይዞት የመጣ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር እወቁ። እስቴፈንሲ የምትባል አዲስ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ከተማ ተገኘች። ይህቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። የምትራባው ከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያቷ እርሷ ሆና ተገኝታለች። ወደ ቆላ የሚመላለስ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩ።

መከላከያው ለሁሉም ቢምቢ አንድ ነው። በርሜሉን ክደኑ። በሳምንት አንድ ጊዜ አፍሱና ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት። የአንዳንዱ ቢምቢ ዕንቁላል ግድግዳው ላይ ይለጠፋልና። በጓሮ የተጣለ ጎማና ጣሳ ውኃ እንዳይቋጥር ገልብጡት።

ጓሮ

ጎመንና ቆስጣ የተከላችሁ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ እጅብ ብሎ የተለጠፈ ትንንሽ ነፍሳት ካለ ክሽክሽ ነው። የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጣል። ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ይጣበቃል። ጉንዳን ሲመላለስበት ታያላችሁ። ጉንዳኑ ጎመኑን እየበላ አይደለም። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው የመጣው። ጉንዳኑን ብትገድሉ ክሽክሹ እዚያው አለ።

በዚያው ቅጠል ላይ ቀይ ጀርባዋ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ክብ ጥንዚዛ ልታገኙ ትችላላችሁ። እርሷን አትንኩ! በቀን ብዙ ክሽክሽ ትበላለች። ልጇ ግን እናቷን አትመስልም። ረዘም ያለች፣ ጥቁር፣ እግራም ትል ናት። ብዙ ሰው ተባይ መስላው ይገድላታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። መርዝ ከረጫችሁም ጥንዚዛዋ ትሞታለች፤ ክሽክሹ ግን ቶሎ ስለሚራባ ቀድሞ ይመለሳል። ይልቅ በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ። የቅጠሉን ጀርባ በእርሱ ርጩ። ለምግብ ስትቀነጥሱት በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

ችግኙ ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁት ደግሞ ቆራጭ ትል ነው። ቀን አታዩትም። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን 2 ወይም 3 ጣት ያህል ጫር ጫር አድርጉ። ግራጫ ትል ተጠቅልሎ ታገኛላችሁ። በእጅ ለቅማችሁ አስወግዱት።

መርዝ የግድ ከሆነ

ይህን ሁሉ አድርገን ተባዩ እምቢ ካለ መርዝ መግዛት ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ጊዜ ማንበብ ሕይወት ያድናል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ሽማግሌዎችና እናቶች ፊደል ቆጥረዋል። ፊደል ከሚጠቅምባቸው ቦታዎች አንዱ የመርዝ ዕቃ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። እነዚህን ተመልከቱ።

በመጀመሪያ፣ ጽሑፍ የሌለው መርዝ አትግዙ።

ሁለተኛ፣ በብዙ የተባይ መርዝ ዕቃ ግርጌ ባለ ቀለም መስመር አለ። ቀይ እጅግ አደገኛ ነው። ቢጫም አደገኛ ነው። ሰማያዊ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አረንጓዴ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ቢሆንም ምግብ አይደለም። ቀይና ቢጫ ያለበትን ወደ ቤት አታስገቡ።

ሦስተኛ፣ ለየትኛው ተባይ እንደ ተሠራ፣ መጠኑ ስንት እንደ ሆነና ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑን አንብቡ።

አራተኛ፣ መርዝን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ፈጽሞ አትገልብጡ። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

ሰው መርዝ ቢጠጣ በግድ አታስመልሱት፤ ወተትም አትጋቱት። ገላው ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ውኃና ሳሙና እጠቡት። ሳትዘገዩ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ጽሑፉን አንብቦ የሚረዳበትን መንገድ ያውቃል።

መልመጃ

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ከጎረቤት ወይም ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ መልሱ።

1. ትኋን፣ ቁንጫና የልብስ ቅማል የሚኖሩት የት የት ነው?

2. ፎስቶክሲን ሰው በሚተኛበት ቤት የማይገባው ለምንድነው?

3. ጎመን ላይ ከምናያቸው ነፍሳት ወዳጃችን የትኛዋ ናት?

ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ ሥራ አለላችሁ። ባትሪ ይዛችሁ 4 ቦታ እዩ። የፍራሹን ስፌት፣ የምድጃውን ሥር፣ የእህሉን ዕቃ፣ የውኃውን በርሜል። ያገኛችሁትን ተባይ ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ። ከስሙ ጎን ምን እንደሚበላና የት እንደሚደበቅ ጻፉ። ከስሙ ጎን የምትጽፉት ካጣችሁ መርዝ የምትገዙበት ጊዜ ገና ነው። መጀመሪያ ጠይቁ።